አራተኛው የመሳፈሪያ ወረቀት

አጎቷ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ባለው ከቀረጥ ነፃ ሱቅ መሀል ቆሞ የመሳፈሪያ ወረቀቶቹን እንደ ካርታ ተጫዋች በጣቶቹ ዘርግቷቸዋል። አራት ናቸው። ሰዎቹ ግን ሦስት ነበሩ፤ አጎትየው፣ እሷና ታናሽ ወንድሟ። አራተኛው ሰው፣ አባቷ፣ ከማለዳ ጀምሮ በታሸገ ሣጥን ውስጥ ሆኖ ካርጎ መጋዘኑ ውስጥ የመጫኛ ሰዓቱን ይጠብቅ ነበር።

መጀመሪያ የተሳሳተች መስሏት ደግማ ቆጠረች። ከዚያ አንገቷን ሰገግ አድርጋ በአራተኛው ላይ የታተመውን አነበበች። የአባቷ ስም ነው፤ ከነአባቱ ስም፣ ከነመቀመጫ ቁጥሩ። ሃያ ሦስት ቢ፣ ከእሷ ጎን።

«ይሄ ምንድን ነው፣ ጋሼ?» አለችው።

«ምኑ?»

«የአባዬ ወረቀት።»

«እሱማ ትኬቱ የተከፈለበት ነው እኮ። ገንዘቡን አንመልስም ካሉ እንዲሁ ሜዳ ላይ ይቅር እንዴ?» አጎቷ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ከሐፍረት ሳይሆን እንደ ብልህ ሰው። «ወረቀት ማውጫው ማሽን ላይ ያንቺን የትኬት ቁጥር ሳስገባ ሁለታችሁም ብቅ አላችሁ። ሁለታችሁንም ነካሁ፤ ሁለታችሁንም አተመልኝ። ለአንድ ሰው የሚፈቀደው ሁለት ጠርሙስ ነው። ለሦስታችን ስድስት። ወንድም ጋሼ ሲጨመር ስምንት ሆነ ማለት ነው።»

ስምንት! አፉን ሞልቶ ነው ያላት። ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ የታላቅ ወንድሙን ሬሳ ሊወስድ የመጣ ሰው፣ የሟቹን ድርሻ ጠርሙስ ይደምራል።

ከአባቷ ጋር ለሕክምና ወደዚህ አገር ከመጣች አሥር ሳምንት ሆኗታል። ትኬታቸው ደርሶ መልስ ነበር፤ የሁለቱም በአንድ ቁጥር የተቆረጠ። አባቷ ከአምስት ቀን በፊት ሆስፒታል ውስጥ አረፈ። አጎቷና ወንድሟ አስከሬኑን ይዘው ለመመለስ ትናንት ገቡ። ዛሬ ጠዋት እሷ ካርጎ ቢሮ ውስጥ በወረቀት ላይ ወረቀት ስትፈርም፣ አጎቷ «የመሳፈሪያሽን እኔ አወጣልሻለሁ፣ አንቺ ድካምሽ ይበቃል» ብሎ የትኬቷን ወረቀት ተቀብሏት ሄደ። እንደ ትልቅ ደግነት ቆጥራ «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» ብላው ነበር። አሁን ያቺን ምርቃት መልሳ ብትውጣት ደስ ባላት።

እሱ ግን ወደ መደርደሪያው ተመልሷል። ጠርሙስ አንስቶ ያገላብጣል፣ ዋጋውን ያያል፣ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ መልሶ ያስቀምጣል፣ ሌላ ያነሳል። የሚያናድደው ነገር ሰውየው አይጠጣም። ጨጓራው አልኮል አያስጠጋም፤ በሰው ሰርግ ላይ እንኳን ትኩስ ወተት አስፈልቶ የሚጠጣ ሰው ነው። ጠርሙሶቹ የሚሄዱት ሳሎኑ ውስጥ ወዳለው ባለመስታወት ቡፌ ነው። አንድ ዘመድ ከውጭ በመጣ ቁጥር «ከዲዩቲ ፍሪ አንድ ነገር» ይላል፤ የመጣለትን ቡፌው ውስጥ ይደረድራል፤ ይቆልፋል። ለእንግዳ ነው ይላል። እንግዳው በመስታወቱ ያያል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ይሄዳል። የቡፌው ቁልፍ ያለው ከቤቱ ቁልፍ ጋር ወገቡ ላይ ነው። ሚስቱ በየሳምንቱ ጠርሙሶቹን በጨርቅ ትወለውላለች፤ ከዚያ ቤት ለአቧራ እንጂ ለሰው የተከፈተ ጠርሙስ የለም።

እሷ ደግሞ፣ እንደ ዕድል ሆኖ፣ ሥራዋ መጠጥ ነው። እዚያ አገራቸው አንድ ትልቅ ሱቅ ውስጥ የመጠጥ ክፍሉ ኃላፊ ከሆነች ስድስት ዓመቷ ነው። የየትኛው ውስኪ ዋጋ መቼ እንደሚወጣ፣ የቱ ወይን በስሙ ብቻ እንደሚሸጥ፣ የቱ ጠርሙስ ታቹን አወፍሮ ብዙ የያዘ መስሎ ሰው እንደሚያታልል ያወቀችው ከርማበት ነው። ስለዚህ ባትወድም አንደበቷ አላስችል አላት።

«ይሄ የያዙት ውስኪ እኛ ሱቅ ይረክሳል» አለችው።

«እዚህ ቀረጥ የለበትም እኮ።»

«ቀረጡን ባያስከፍሉም ትርፉን ራሳቸው ይጨምሩበታል። ሊትር ስለሆነ ነው የረከሰ የመሰለዎት። የኛ ሦስት ሩብ ሊትር ነው። በልክ በልኩ ቢያካፍሉት ያው ነው፤ እንዲያውም ይሄኛው ይብሳል።»

«ይሄስ? እዚህ ብቻ ነው የሚገኘው ይላል።» ወርቃማ ክር የታሰረበት ጠርሙስ አነሳ።

«ካርቶኑ ነው እዚህ ብቻ የሚገኘው። ውስጡ ያለውን ሌላ ቦታም ያገኙታል።»

ወንድሟ ፈገግ ማለት ጀምሮ ፊቷን ሲያይ ተወው። አጎቷ ግን አልሰማትም፤ ስለ ጠርሙስ ምክር የሚሰማው ከሚሸጥለት ሰው ብቻ ነው። ጠጋ ብሎ ወደ ወይኖቹ አለፈ፤ በመብራት ሥር ቀጥ ብለው ቆመው ቀን ከሌት ሲሞቁ ወደሚውሉት። ሁለት ቀይ ወይን መረጠ።

«እነዚህ የወንድም ጋሼ ይሁኑ። ቀይ ነገር ያምርበታል» አለ።

አባቷ በዕድሜው አንድ ብርጭቆ ወይን ጨርሶ አያውቅም። ቀይ ነገርም ለብሶ አይታው አታውቅም። ግን አንዳንድ ነገር መልስ ሲሰጡት ይብሱን ይቆሽሻል።

እግሯ ግን እዚያው ወይኖቹ ፊት ቀረ። የዛሬ አሥር ሳምንት፣ ከአገር የወጡ ዕለት፣ እንዲህ ባለ ሱቅ ውስጥ አባቷን በተሽከርካሪ ወንበር ገፍታ አልፋለች። ሌላ መንገድ ስለሌለ ነው፤ መንገደኛ ሁሉ ወደ አውሮፕላኑ ለመድረስ በሽቶውና በጠርሙሱ መሀል መጠምዘዝ አለበት። ቀደም ብሎ ፍተሻው ላይ ከቤት ይዞት የመጣውን የውሃ ኮዳ ተቀብለው ጥለውበታል። ፈሳሽ አያልፍም ተባለ። ከፍተሻው ሃያ እርምጃ እንኳን ሳይርቁ ደግሞ ግድግዳውን ሙሉ ፈሳሽ ተደርድሮ አገኙት። አባቷ ሳቀ። «አንቺ አዋቂዋ፣ ይሄ ሁሉ ዋጋው ደህና ነው?» አላት። «አይደለም አባዬ፣ ማታለያ ነው» አለችው። «በይ እንግዲያው ውሃ ግዢልኝ፤ ጉሮሮዬ ደርቋል።» ውሃው ያለበትን ማቀዝቀዣ አየች፤ ዋጋውንም አየች። አንዲት ትንሽ ጠርሙስ ውሃ ያን ያህል! ሙያዋ ነውና ተናደደች። «ትንሽ ታገስ፤ አውሮፕላኑ ውስጥ እንዲሁ ይሰጡናል» አለችው።

«እሺ» አለ። አውሮፕላኑ ሁለት ሰዓት ዘገየ። አባቷ ደግሞ አልጠየቀም፤ ከንፈሩን ብቻ እያራሰ ጠበቀ።

ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም። አጎቷን እየተጸየፈች እዚያ ወለል ላይ ስትቆም፣ መጸየፉ ዞሮ ዞሮ ወደ ራሷ መጣባት።

ሒሳብ መክፈያው ጋ ወረፋ አልነበረም። ገንዘብ ተቀባይዋ፣ ጥፍሯን ተቀብታ ፀጉሯን ጥብቅ አድርጋ ያሰረች ወጣት፣ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ በማሽኑ እያስነበበች የእያንዳንዱን መንገደኛ ሁለት ሁለት ጠርሙስ በየፌስታሉ አሸገች። ደረሰኙን ስም ያለበትን በኩል ወደ ውጭ አድርጋ ከላይ ትለጥፋለች። አራተኛው ላይ ስትደርስ ቀና ብላ ቆጠረቻቸው።

«አራተኛው መንገደኛስ?»

«ሽንት ቤት ገብቷል» አለ አጎቷ፣ ቅም ሳይለው። «ሽማግሌ ነው፤ ትንሽ ይዘገያል።»

ገንዘብ ተቀባይዋ ለሽማግሌው አዝና ፈገግ አለች። ማሽኑ ጢጥ አለ። የአባቷ ስም በፌስታሉ ላይ ተለጠፈ።

ያኔ መናገር ነበረባት። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ግን በሰው ፊት የራስን ጉድ ማውጣት አስጠልቷት ዝም አለች። ወንድሟ የራሱን ፌስታል አነሳ፤ ዓይኗን ላለማየት የጫማውን ክር ያጠብቃል። አጎቷ የራሱን፣ የእሷንና የሟቹን አንጠለጠለ።

«አንቺ አትያዢ፤ ይደክምሻል» አላት።

ወደ መሳፈሪያው በር ረጅሙን ኮሪደር ሲያጋምሱ ድምፅ ማጉያው የአባቷን ስም ጠራ።

ቀጥ አለች። ስሙ ከነአባቱ ስም፣ በሙሉ፣ ጥርት ብሎ ከጣሪያው ወረደ። አሥር ሳምንት ሙሉ ሆስፒታል ውስጥ በአልጋ ቁጥሩ ነበር የሚጠሩት፤ አሥራ አራት ይባል ነበር። ከሞተ በኋላም በወረቀቱ ላይ ሌላ ቁጥር ሰጡት። አሁን ግን አንድ የማታውቀው ሰው አባቷን በስሙ እየጠራ፣ ይቸኩል ዘንድ ይለምነዋል። ሳታስበው ወደ ኋላ ዞረች። ለአፍታ፣ ለአንዲት ቅጽበት ያህል፣ በዚያ በሚያብረቀርቅ ወለል ላይ ኮቱን በክንዱ ይዞ ቀስ እያለ ሲመጣ ልታየው ጠበቀች። የሚመጣው የጽዳት ጋሪ የሚገፋ ሰው ነበር።

«አትዙሪ። ቀጥ ብለሽ ሂጂ» አላት አጎቷ። «ቢጠሩ ቢጠሩ ይሰለቻቸዋል፤ በሩን ዘግተው ይሄዳሉ።»

ስሙ እንደገና ተጠራ። ቀጥሎም ለሦስተኛ ጊዜ፣ የመጨረሻ ጥሪ ነው ተብሎ። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ እንዲያቆሙ አልፈለገችም።

በሩ ላይ ሲደርሱ ከእነሱ በቀር የቀረ መንገደኛ አልነበረም። አጎቷ ጠርሙስ ሲያማርጥ ነበር ጊዜው የሄደው። ደረቱ ላይ የመነጋገሪያ ሬዲዮ የሰካው ሠራተኛ የሦስቱንም ወረቀት አስነበበ፤ ከዚያ ስክሪኑን አይቶ ወደ እሷ ዞረ።

«ከአንቺ ጋር የተመዘገበ መንገደኛ አለ። ሃያ ሦስት ቢ። የት ነው?»

እሷ መልስ ሳትሰጥ አጎቷ ጣልቃ ገባ። «ታሟል። ቀርቷል፣ አይመጣም።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ወንድሜ ነው እኮ። ስንነግርህ ስማ እንጂ።»

ሠራተኛው ሬዲዮውን ወደ አፉ አስጠጋ። «ሃያ ሦስት ቢ አይሳፈርም። በስሙ የተጫነ ነገር ካለ ይውረድ።»

ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ። የሌላ ሰው ድምፅ፣ ሞተር እያጓራበት፣ «በስሙ ሻንጣ የለም» አለ። ትንሽ ቆየ። «ግን በዚሁ ስም አንድ ጭነት አለ። እሱም ይውረድ?»

«ያልተሳፈረ ሰው ዕቃ አይበርም። አውርዱት።»

የአጎቷ ፌስታሎች እርስ በርስ ተጋጭተው ቃ አሉ። አውሮፕላኑ በሳምንት ሁለቴ ነው የሚበረው። ቀብሩ ነገ ረፋድ ላይ ነው። ጉድጓዱ ተቆፍሮ አድሯል፤ እናቷ ከትናንት ጀምሮ አልተኛችም፤ የሚመጣውን ሰው ሁሉ «ነገ ይገባል፣ ልጄ ይዛው ትመጣለች» እያለች ነው የምትቀበለው። እዚህ ግን አባቷን ከአውሮፕላኑ ሆድ ሊያወጡት ነው። በሁለት ጠርሙስ ወይን ምክንያት፤ ያውም ሙቀት ያኮመጠጠው።

ወደ አጎቷ ዞረች። ይናገር ዘንድ፣ ያሰረውን ራሱ ይፈታ ዘንድ ጠበቀችው። አጎትየው ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሎ ነበር። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ጠጋ ብሎ በጆሮዋ «እንዲህ ነው ካልን እኮ ፖሊስ ይጠራብናል። ቢበዛ ሦስት ቀን ነው፤ በሚቀጥለው ይመጣል» አላት።

በሚቀጥለው ይመጣል!

ትንፋሹ የወተትና የማስቲካ ሽታ ነበረው። ጆሮዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

«አይወርድም» አለች ጮክ ብላ።

ሠራተኛው ሬዲዮውን እንደያዘ ቀና አለ።

«መንገደኛው ገብቷል። ከሁላችንም ቀድሞ ነው የገባው። ጭነት ያሉት እሱ ነው።» የወረቀት ማህደሯን ከፈተችና የሞት ማስረጃውን ከአስከሬን ማለፊያው ጋር በጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለት። «አባቴ ነው።»

ሰውየው አነበበ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ደግሞ አነበበ። ስክሪኑ ላይ ያለውን ስምና ወረቀቱ ላይ ያለውን ስም በጣቱ እያስተያየ፣ ሦስት ጊዜ በድምፅ ማጉያ የጠራው ሰው ማን እንደነበር ሲገባው ሬዲዮውን አነሳ።

«ተዉት» አለ በሬዲዮው፣ ቀስ ብሎ። «አታውርዱት። ስህተት ነው።» ከዚያ ወደ እሷ፣ «ታዲያ ይሄን የመሳፈሪያ ወረቀት ማን አወጣው?»

ከአጎቷ ጋር ያደገችበትን ግቢ፣ በልጅነቷ ትከሻው ላይ ተቀምጣ የተሻገረችውን ወንዝ፣ ነገ ከሬሳው ኋላ ጎን ለጎን የሚሄዱበትን መንገድ አሰበች። መሸፈን ቀላል ነበር፤ ማሽኑ ነው ማለት ይቻላል። ዓይኗ ግን ፌስታሉ ላይ ካለው ደረሰኝ አልነቀል አላት።

«እሳቸው ናቸው» አለች። «ለመጠጥ መግዣ።»

ሠራተኛው አጎቷን አየው፣ ፌስታሎቹን አየ፣ እንደገና አጎቷን አየው። አስተያየቱ ከስድብ የከፋ ነበርና አጎቷ ፊቱን ወደ መስታወቱ አዞረ። ወንድሟ የያዘውን ፌስታል ቀስ ብሎ ጠረጴዛው እግር ሥር አስቀመጠና ባዶ እጁን ወደ አውሮፕላኑ ሄደ። ማንም መልሶ አልጠራውም።

«ስሙን ከተሳፋሪው ዝርዝር መሰረዝ አለብኝ» አለ ሠራተኛው፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው።

«ይሰርዙት» አለች።

አውሮፕላኑ ውስጥ ሁሉም ተቀምጧል። ዘግይተው ያዘገዩዋቸውን ሰዎች ዓይን በየረድፉ እያለፈች ሃያ ሦስት ላይ ደረሰችና መስኮቱ ጋ ገብታ ተቀመጠች። ከጎኗ ያለው ወንበር ባዶ ነበር፤ ቀበቶው በሥርዓት ተጣጥፎ ተቀምጧል።

አጎቷ እያለከለከ ደረሰ። ከላይ ያለውን የዕቃ ማስቀመጫ ከፈተ፤ ሙሉ ነው። የሚቀጥለውን ከፈተ፤ ሙሉ ነው። ሁለቱን ፌስታል እንደምንም በሰው ካፖርት ላይ ጨቁኖ አስገባ። ሦስተኛው አልገባ አለ። ከኋላው የበረራ አስተናጋጇ እንዲቀመጥ ትጠብቀዋለች። እሱ ግን ባዶውን ወንበር አየ፣ ፊቱ ቀለል አለው። ሐፍረቱ ሥር ሊሰድ ቀርቶ፣ ከመሳፈሪያው በር እስከ ወንበሩ እንኳን አልዘለቀም።

«እዚች ላይ ላስቀምጣት» አለ። «በቀበቶ አስራታለሁ፣ አትወድቅም። የሱው ናት እኮ፤ ከነስሙ።»

መዳፏን ወንበሩ ላይ ዘርግታ አኖረች።

«ሰው አለው» አለችው።

አጎቷ ፌስታሉን በአየር ላይ እንደያዘ ቀረ። ከፊትም ከኋላም ሰው ዞሮ ያያል። ፊቷን ፈለገ፤ እሷ ግን ወንበሩን እንጂ እሱን አላየችውም። በመጨረሻ ፌስታሉን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ጠርሙሶቹ በየእርምጃው እየተንኳኩ፣ ወደ ኋላ ወደ መቀመጫው ሄደ።

ከእግሯ ሥር፣ ከወለሉ በታች፣ የጭነቱ በር ተዘጋ። ንዝረቱ በጫማዋ መጣ። እጇን አላነሳችም።

አስተናጋጇ ጎንበስ አለችላት። የሆነ ነገር ገብቷት ይሁን ወይም እንዲሁ ፊቷን አይታ፣ ድምፅዋ ለስለስ ያለ ነበር። «ከመነሳታችን በፊት የምትፈልጊው ነገር አለ?»

«ውሃ» አለች።

አስተናጋጇ ራሷን ነቅንቃ ልትሄድ ስትል ጠራቻት።

«ሁለት አድርጊው።»